ዝሆን ከጉንዳኖች ጋር በቁራኛ የታሰረ ዕለት

ተረት ልዘርጋ ነው። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ጆሮ የሌለው ከጎረቤቱ ተውሶ ይቅረብ።

ድሮ ድሮ፣ ወንፊት አፍ በነበረበት፣ ዛፍ ዳኛ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ዝሆን ነበረ። የአገሩ አውሬ ሁሉ እህሉን እሱ ዘንድ በአደራ ያስቀምጣል። ያለው ያስቀምጣል፤ የሌለው ይበደራል፤ የተበደረው አጭዶ ሲወቃ ከነጭማሪው ይመልሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጎተራው ጎተራ ወለደ፤ የተወለደው ጎተራ ደግሞ ሌላ ጎተራ ወለደ። ዝሆን በመካከላቸው ሲንጎራደድ ምድር ከሥሩ ትንቀጠቀጣለች።

እህሉን የሚያስገባው ማነው? ጉንዳን። የሚያወጣው? ጉንዳን። ከነቀዝ የሚጠብቀው፣ የሚያሰጣው፣ የሚያገላብጠው? ጉንዳን፣ ጉንዳን፣ አሁንም ጉንዳን።

ከጉንዳኖቹ አንዷ አልጣሽ ትባል ነበር።

*

አልጣሽ አንድ ልጅ ነበራት። የጉንዳን ልጅ እንደተወለደ አይሄድም። በነጭ ስልቻ ተጠቅልሎ ይተኛል። ሙቀት ሲያገኝ ይነቃል፤ ሙቀት ካጣ እንደተኛ ይቀራል።

የማለዳ ፀሐይ ጤዛ አለባት፤ ታበርደዋለች። የቀትር ፀሐይ እሳት አለባት፤ ታቃጥለዋለች። የማታ ፀሐይ ግን፣ ያቺ ልትጠልቅ ስትል ቀይ የምትለብሰው፣ ለጉንዳን ልጅ የተሠራች ናት። በዚያች ሰዓት እናት ልጇን ተሸክማ ከጉድጓድ ትወጣለች። ድንጋይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ታገላብጠዋለች፤ ስሙን ትጠራዋለች።

አልጣሽ በዚያች ሰዓት የት ነበረች? በር ላይ።

ዝሆን በጎተራው ግቢ በር ላይ ወንፊት አቁሞ ነበር። ጉንዳኖች ሥራ ሲጨርሱ በወንፊቱ ቀዳዳ ነው የሚወጡት፤ ጉንጯ ውስጥ ፍሬ የደበቀች ካለች ቀዳዳው ይይዛታል። ይህስ ባልከፋ፤ የሰው አደራ መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ዝሆን «ቀዳዳ ሲበዛ ሌባ ይበዛል» አለና አንዲቷን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን ሁሉ በጭቃ ደፈናቸው።

እንግዲህ ሥራው ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች ያልቃል። ከዚያ ሰልፍ ነው።

«አፍሽን ክፈች። ምላስሽን አንሺ። እለፊ» ይላል ወንፊቱ።

ሌላዋ ትመጣለች። «አፍሽን ክፈች። ምላስሽን አንሺ። እለፊ።»

የሰልፉ ጭራ በሩ ላይ ሲደርስ ፀሐይ የለችም።

«ወንፊቴ፣ ነፍሴ፣ ቶሎ በልልኝ» ትላለች አልጣሽ። «ልጄ አልሞቀም።»

«ምን ላድርግሽ? እኔ ስፈጠር ሁለመናዬ ዓይን ነበር። ዛሬ አንድ ዓይና ነኝ።»

«እሺ፣ እዚህ የምቆመው ለማን ነው?»

«ለጌታዬ።»

«ለጌታህ ከቆምኩ ሥራ ላይ ነኛ?»

«ኧረ ሥራሽስ አልቋል።»

«ካለቀ ልሂዳ?»

«ኧረ መች ተፈተሽሽ!»

ቤቷ ስትደርስ ድንጋዩ ቀዝቅዟል። ልጇን ወደ ጆሮዋ ታስጠጋዋለች። ውስጡ አንድ ነገር ይመታል፤ በጣም በቀስታ፣ በጣም ከሩቅ።

*

አንድ ነገር ደግሞ ነበረ። ጉንዳን ስትቀጠር እግሯን መጅ ላይ አሳርፋ ትምላለች። መሐላው እንዲህ ነው፦ «ብጣላ ብቻዬን እጣላለሁ። ከጎኔ ማንንም አላቆምም፤ ከማንም ጎን አልቆምም።»

መሐላውን ያወጣው የዝሆን ነገረ ፈጅ፣ አቶ ጉሬዛ ነው። ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር ለብሶ ነጭ ካባ የሚደርበው። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ካባው ይበተናል፤ ከነገር ወደ ነገር ሲዘልም እንደዚያው።

አልጣሽ ታዲያ ብቻዋን ተነሣች። ማልዳ መንገድ ዳር ቆመች። ዝሆን መጣ፤ እግሩን አነሣ፤ ልታልቅ ነው። ያኔ ባላት ጉሮሮ ሁሉ ጮኸች፦

«በሕግ አምላክ!»

በዚያ ዘመን በሕግ አምላክ የተባለ ሁሉ ይቆማል። ሌባም ይቆማል፤ ንጉሥም ይቆማል። የዝሆን እግር አየር ላይ ቀረ። ሰማይ የሚያህል እግር፣ እንደተንጠለጠለ። አልጣሽ ቀና ብላ አየችውና ከእግሩ ይልቅ የገዛ ድምፅዋ አስፈራት። እኔ ነኝ ይህን ያቆምኩት? አለች በልቧ።

«ማነው?» አለ ዝሆን።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ከእግርዎ ሥር።»

«አትታይም እኮ! እንዲህ ታንሻለሽ?»

«አነስኩ እንጂ አልጠፋሁም።»

ዝሆን ሳቀ፤ ግን ሕግ ሕግ ነውና ተከትሏት ሄደ። ዳኛው ዋርካ ነበር። ከአባቶቻቸው አባት በፊት የተተከለ፣ ሥሩ ወንዝ የሚጠጣ፣ ጫፉ ደመና የሚያብስ ዋርካ። ከሳሽና ተከሳሽ እሱ ፊት ሲቀርቡ ከገላው ልጥ ልጦ አንዱን ከሌላው ጋር ያስራቸዋል፤ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ አይለያዩም። አብረው ይውላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ይህ ቁራኛ ይባላል። ቁራኛውን የበጠሰ፣ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል።

ዋርካው የልጡን አንድ ጫፍ ከአልጣሽ ወገብ፣ ሌላውን ጫፍ ከዝሆን እግር አሰረና «ለገበያ ቀን ቅረቡ» አላቸው።

«እሺ፣ ጌታዬ» አለ ዝሆን። «እኔ የትም አልሸሽ። ውሃ ጠምቶኛል፣ ወንዝ ልውረድ ብቻ።»

ወረደ። እሱ አንድ ሲራመድ አልጣሽ በእሾህ፣ በጠጠር፣ በጭቃ ተጎተተች። እሱ ሲታጠብ እሷ ሰመጠች። ልጡ ረጠበ፣ ላላ፣ ከወገቧ ሾለከ። ወንዙ በቅጠል ላይ አሳፍሮ የማታውቀው አገር ጣላት።

በገበያ ቀን ዝሆን ዋርካው ፊት ቀረበ። «ከሳሽ የት አለች?»

«እንጃ፣ ጌታዬ። ልጡ ይኸው። አልበጠስኩም።»

እውነቱን ነው፤ አልበጠሰም። ከሳሽ ካልቀረበች ደግሞ ክሱ ይዘጋል። ተዘጋ።

*

አልጣሽ እያነከሰች አገሯ ስትገባ ደጃፏ ላይ የጠበቃት ማነው? አቶ ጉሬዛ።

«እመት አልጣሽ! ደህና መጣሽ፣ እኅቴ። ስላንቺ ስንጨነቅ ነበር እኮ።»

«ተጨንቃችሁ ነው በወንዝ የላካችሁኝ?»

«ተይ እንጂ፣ የሆነው ሆነ። ጌታዬ ልበ ትልቅ ነው። ከነገ ጀምሮ ሰልፍ የለብሽም። በጓሮ በኩል ስንጥቅ አለች፤ ሥራሽን ስትጨርሺ በዚያ ውልቅ። ልጅሽን አሙቂ። ብቻ...» ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ምን ትበሉ ነበር እናንተ? እሷ እሺ አለች። እናት ናት።

በመጀመሪያው ማታ ልጇን አወጣችው፤ ቀይዋ ፀሐይ ሳመችው። በሁለተኛው ማታ ስልቻው ውስጥ አንድ እግር ተንቀሳቀሰ። አልጣሽ ብቻዋን ዘፈነች። በሦስተኛው ማታ ግን ቀና ብላ አየች። መንደሩ ሁሉ ባዶ ነው። በየጉድጓዱ አፍ የጎረቤቶቿ ልጆች ተደርድረዋል፤ ነጭ፣ ዝም ያሉ፣ ቀዝቃዛ። እናቶቻቸው በር ላይ ናቸው። ሮጣ አንዱን አወጣች። ሮጣ ሌላውን አወጣች። ሦስተኛዋን ልታነሣ ስትል ጥላው ድንጋዩን ዋጠው። ጉንዳን ናት፤ ሁለት ክንድ ነው ያላት።

ሳታነሣት የቀረችው የጎረቤቷ የአስካለ ልጅ ነበረች።

በማግሥቱ አስካለ መጣች፤ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«አልጣሽ።»

«እመት።»

«ሰሞኑን በጊዜ ትገቢያለሽ አሉ።»

አልጣሽ መሬት መሬት አየች። «በጓሮ ነው።»

«በጓሮ» አለች አስካለ። «የኔዋ ዛሬ ዝም አለችኝ። ጆሮዬን አስጠግቼ ብሰማ፣ ብሰማ፣ ዝም።» ቀና ብላ አየቻትና፣ «ያንቺውስ?»

«ተንቀሳቀሰ።»

«እሰይ» አለች አስካለ፤ ከአንጀቷ።

አልጣሽን ያ «እሰይ» ወጋት። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ተነሣች፤ ወደ ጓሮው ሄደች፤ ስንጥቋን በገዛ ምራቋና በአፈር ደፈነቻት። ከዚያ ወደ ሰልፉ ተመለሰች፤ ከፊት ያለችውን ጀርባዋን ነካ አደረገቻት፤ ከኋላ ያለችውንም ነካ አደረገቻት።

«ስሙኝ።»

«ተይን!» አሉ። «ምለናል። ከጎናችን ማንንም አናቆምም ብለናል።»

«መሐላችንስ ይፍረስ ያለ ማነው? እያንዳንዳችን ብቻችንን እንጣላለን። ብቻ ሁላችንም የምንጣላበት ቀን ነገ ይሁን።»

*

በነጋታው ዝሆን መንገድ ወጣ። እግሩን አነሣ።

«በሕግ አምላክ!» አለች አልጣሽ። እግሩ አየር ላይ ቆመ።

«አሁንም አንቺ?» ብሎ እግሩን መለሰና በሌላኛው ሊራመድ ሲል፣ «በሕግ አምላክ!» አለች አስካለ። ሁለተኛው እግሩ ቆመ። ወደ ኋላ ሊል ሲል፣ «በሕግ አምላክ!» ወደ ጎን ሊል ሲል፣ «በሕግ አምላክ!» ከሣሩ ሥር፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ከቅጠሉ ላይ፣ ከአቧራው ውስጥ፤ እያንዳንዷ በገዛ ስሟ፣ እያንዳንዷ ለብቻዋ። ቀጭን ድምፅ በቀጭን ድምፅ ላይ ሲደረብ ዝናብ ሩቅ ጫካ ላይ ሲወርድ የሚሰማውን መሰለ። ወፎች መብረር ረሱ። ዝሆን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬቱ ሕይወት እንዳለው አየ።

ዋርካው ፊት ቀረቡ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወርዶ ካባውን አስተካከለ።

«በላ ልበልሃ! ጌታዬ ዳኛ፣ እነዚህ መሐላ አለባቸው። እንደ መንጋ መክሰስ አይችሉም! አንድ በአንድ ይክሰሱ። እያንዳንዷ ለብቻዋ፣ በየራሷ ልጥ ትታሰር። ሕጉ ይህ ነው!»

በልቡ ምን አለ? አንዷ ወንዝ ገባች፤ የቀሩትም በየተራ ይገባሉ።

ዋርካው ቅጠሉን ወደ አልጣሽ አዘነበለ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እውነቱን ነው፣ ጌታዬ። እንደ ቃሉ ይሁን። እያንዳንዳችንን ለብቻችን ይሰሩን። ዛሬ።»

ዋርካው ልጥ ልጦ ሰጠ፤ ልጦ ሰጠ፤ ገላው እስኪነጣ ድረስ። የእያንዳንዷ ወገብ ከዝሆን እግር ጋር ታሰረ። «ለገበያ ቀን ቅረቡ» አለ። «ቁራኛ የበጠሰ እንዳመነ ነው። አስታውሱ።»

ዝሆን እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ ሊወርድ ተነሣ። አንድ ልጥ ሲሆን የታሰረችው ትጎተታለች። አሁን ግን አንዷ ሥር ይዛለች፤ አንዷ ድንጋይ አቅፋለች፤ አንዷ ጎረቤቷ የያዘችውን ሣር ነክሳለች። አንድ እርምጃ ቢሄድ የትኛው ልጥ እንደሚበጠስ አያውቅም።

«ጌታዬ፣ አይንቀሳቀሱ!» አለ ጉሬዛ ላብ እያጠመቀው። «አንዱ ቢበጠስ ተረታን ማለት ነው!»

«ታዲያ የት ልሂድ?»

«እኛ ወደምንሄድበት» አለች አልጣሽ። «ሥራ አለብን።»

*

ሠሩ። ዝሆን አብሯቸው ከጎተራ ጎተራ ዞረ። ሥራው ፀሐይ ከፍ እንዳለች አለቀ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱ።

«አፍሽን ክፈች። ምላስሽን አንሺ። እለፊ» አለ ወንፊቱ። አንዷ አለፈች፤ ልጧ ተከትሏት አለፈ። ዝሆን ግን በዚያች ቀዳዳ አያልፍም። ያለፉት በውጭ ይዘውታል፤ ያላለፉት በውስጥ ይዘውታል። አንድ እግሩን በወንፊቱ ላይ አሻግሮ ከበሩ ውጭ፣ አንድ እግሩን ከበሩ ውስጥ አድርጎ ቆመ።

ቆመ። ጠማው። ወንዙ ይሸተዋል።

«ወንፊት! ፍጠን እንጂ!»

«ጌታዬ፣ ዓይኔን የደፈኑት እርስዎ ነዎት። አፍሽን ክፈች። ምላስሽን አንሺ። እለፊ።»

ፀሐይዋ ቀይ ለበሰች። ዝሆን ይህችን ሰዓት ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያሳልፋት፤ ከበሩ ሆኖ አይቷት አያውቅም። ጥላው ከእግሩ ወጥቶ ሲረዝም አየ። ሰልፉ ውስጥ ጉንዳኖች ሲጋፉ፣ ቀና እያሉ ሰማይ ሲያዩ፣ እንደገና ሲጋፉ አየ። አንዷ ብቻ አትጋፋም።

«አንቺ» አላት ዝቅ ብሎ። «አንቺ ለምን አትቸኩይም?»

«የምደርስለት የለኝም፣ ጌታዬ» አለች አስካለ። «ልጄ ሳትነቃ ቀረች።»

«መቼ?»

«እዚህ ቆሜ ሳለሁ።»

ዝሆን ጉሬዛን ጠራ።

«ጭቃውን አንሣ።»

«ጌታዬ! ዛሬ ከከፈቱ እኮ ትናንት ደፍነው ነበር ማለት ይሆናል!»

«ታዲያ አልደፈንኩም ነበር?»

ጉሬዛ በገዛ ጥፍሩ ጭቃውን ፈለፈለ፤ ነጭ ካባው ጭቃ በጭቃ ሆነ። ወንፊቱ አንድ ዓይኑን ከፈተ፤ ሌላውን ከፈተ፤ ሁሉንም ከፈተ። «አያችሁ? አየሁ!» እያለ ሳቀ። ጉንዳኖቹ በሁሉም ቀዳዳ እንደ ውሃ ፈሰሱ።

*

በገበያ ቀን አውሬው ሁሉ ተሰበሰበ።

«በሩ ተከፍቷል» አለ ጉሬዛ። «ነገሩ አለቀ።»

«የነገው አለቀ» አለች አልጣሽ። «የትናንቱስ? እዚያ የቀረው ምሽታችንስ?»

«ምሽት በምን ይሰፈራል? እህል ቢሆን በቁና እንሰፍርላችሁ ነበር!»

ከአውሬዎቹ ግማሹ ሳቀ። ዋርካው ግን አልሳቀም። ረጅም ጊዜ አሰበ፤ አንድ ቅጠል እንኳ አልነቃነቀም። በመጨረሻ ተናገረ፤ ድምፁ ከመሬት በታች መጣ።

«ያለፈ ምሽት አይመለስም። እኔ ግን ረጅም ነኝ፤ አንድ ነገር አውቃለሁ። ፀሐይ ለእናንተ ከጠለቀች በኋላ፣ እኔ ጫፍ ላይ ገና አለች። ከፍ ያለ ረዘም ያለ ምሽት አለው።» ወደ ዝሆን ዞረ። «እዚህ አገር ከእኔ ቀጥሎ ከፍ ያለው ማነው? እነሱ መሬት ላይ ሆነው ምሽታቸውን አጡ፤ አንተ ከፍታህን አበድራቸው። ማታ ማታ ኮረብታው ላይ ትቆማለህ። ልጆቻቸውን ጀርባህ ላይ ያሰጣሉ። የመጨረሻው ብርሃን እስኪለቅህ ድረስ አትነቃነቅም።»

«እስከ መቼ?» አለ ጉሬዛ።

«የተወሰደባቸውን ምሽት የቆጠረ አለ?»

ማንም አልቆጠረም።

«እንግዲያው በቃን እስኪሉህ።»

በዚያች ማታ ዝሆን ኮረብታው ላይ ወጣና ተንበረከከ። ጉንዳኖቹ ልጆቻቸውን ይዘው በኩምቢው፣ በጉልበቱ፣ በጆሮው ሥር ወጡ። ሲነሣ ጀርባው ጥጥ እንደፈነዳበት ማሳ ነጭ ሆኖ ነበር። ፀሐይ ሜዳውን ለቀቀች። ቁጥቋጦውን ለቀቀች። ግራሩን ለቀቀች። በዝሆን ጀርባ ላይ ግን ቆመች፤ ቀይ፣ ሙሉ፣ ያልቸኮለች። ከታች አውሬው ሁሉ በጨለማ ውስጥ ቀና ብሎ ያያል፤ ጅብ እንኳ አልጮኸም። ዝሆን ጆሮውን አላራገበም፤ ትንፋሹን አሳንሶ ተነፈሰ።

የአልጣሽ ልጅ ስልቻውን ቀደደ። አንድ እግር ወጣ፤ ሁለተኛው ወጣ፤ ዓይኑ ተከፈተ።

«እናቴ፣ ይህ ተራራ ይተነፍሳል እንዴ?»

«ይተነፍሳል፣ ልጄ። ዝም ብለህ ሙቅ።»

አስካለም ወጥታ ነበር። ባዶ እጇን መጥታ ከጆሮው አጠገብ ተቀመጠች።

«አንቺ ማንንም አልያዝሽም» አላት ዝሆን፣ ሌላው እንዳይሰማ አድርጎ።

«እኔም ምሽት ነበረኝ» አለች።

አብረው አዩት፤ ብርሃኑ ከኮረብታው፣ ከልጆቹ፣ ከመጨረሻው ነጭ ስልቻ ላይ በቀስታ እስኪነሣ ድረስ።

ተረቴ ይኸው፤ የጎደለውን ሙሉበት፣ የተረፈውን ለሌላ አካፍሉት። ይህንንም አብራችሁ ያዙ፦ ለራሱ ብቻ በር ያስከፈተ አንድ ማታ ይሞቃል፤ ለሁሉ ያስከፈተ ግን ፀሐይን ያቆማል።